ኮቱ ብቻውን መጣ

ኮጎላ፣ ማርች 3

ይድረስ ለልጄ ለቶቢያስ ዋሶንጋ፣ ለሟቿ ጣውንቴ ለዶምቲላ የበኩር ልጅ፤

ሐይቁ ውሃ እስካለው ድረስ ሰላምታዬ አይጉደልብህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? የናይሮቢ ሰው ደረጃ በአሳንሰር ስለሚወጣ ጉልበት የለውም ሲሉ ሰምቼ አስቤልህ ነበር። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። አጎትህ ራፖንዲም ደህና ነው፤ ችግሩም የእሱ ደህና መሆን ነው፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

ለምን አልደወሉም እንዳትለኝ። ስልኬን ቻርጅ ለማስደረግ ገበያ ድረስ ሄጄ ወረፋ እጠብቃለሁ፤ ስደውልልህ ደግሞ "ስብሰባ ላይ ነኝ እናቴ" ትላለህ። ደብዳቤ ስብሰባ አያውቅም። የአውቶቡሱን ረዳት ኪሴሮን ታውቀዋለህ፤ ከአንድ ፌስታል የደረቀች ኦሜና ዓሣ ጋር በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

ወሬው ይሄ ነው፤ መብራት መጣ። መጣ እንኳ አልልም፣ በላያችን አልፎ ነው የሄደው። እንጨቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምረው እስከ ጎረቤታችን እስከ ካሌብ ቤት ተተክለዋል። ትራንስፎርመሩ ማንጎው አጠገብ ተሰቅሎ ሲያጉረመርም ይውላል። ሽቦው በእኛ አጥር ላይ ነው የሚያልፈው። ሥሩ ቆሜ ሳንጋጥጥ፣ ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይሄ ነው እላለሁ።

የዓሣ ነጋዴ ሴቶች ማኅበራችን ፍሪዘር አገኘ ብዬህ ነበር። እኔ ቤት ነው ያለው፤ ለጊዜው አንዲት ዶሮ ታቅፍበታለች። ነጋዴዎቹን ታውቃቸዋለህ። ከባድ መኪናቸውን ይዘው የሚመጡት ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዓሣው ሊሸት ሲል ነው። ያኔ ዋጋውን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው፤ እኛም ሐይቅ ውስጥ ከምንጥለው ብለን እንሰጣለን። በረዶ ቢኖረኝ "ነገ ኑ" እላቸው ነበር። በዕድሜዬ ለአንድም ወንድ "ነገ ና" ብዬ አላውቅም።

አሁን ወደ ራፖንዲ። የመብራት ሠራተኞቹ ቆጣሪ ይዘው ሲመጡ ከዘራውን አጋድሞ በራችን ላይ ቆመ።

"ይሄ ግቢ የማን ነው?" አላቸው።

"የሟቹ የኛንጉዌሶ።"

"የመጀመሪያ ቤቱስ የማን ነው?"

"የዶምቲላ። እሷም ሞታለች።"

"በኩሯስ?"

"ናይሮቢ ነው።"

"እንግዲያው እሱ ሲመጣ ኑ" ብሎ መለሳቸው።

ለመንኩት። "ሽማግሌው፣ ጃዱኦንግ፣ ዘር ስንዘራ እኮ ልጁ ባይኖርም በስሙ አንድ እፍኝ እናቱ ደጅ በትነን ነው የምንዘራው" አልኩት። "ዘር ሌላ፣ መብራት ሌላ" አለኝ። "መብራት እሳት ነው። ወንድሜ ይሄን ግቢ ሲመሠርት እሳቱ መጀመሪያ የነደደው በዶምቲላ ቤት ነበር። አንቺ ከበኩሩ ቀድመሽ እሳት ብታስገቢ የቺራ እርግማን ይገባል። ልጆች ያለ በሽታ እየመነመኑ ሲያልቁ፣ በመብራትሽ ቁጭ ብለሽ ታዪያቸዋለሽ።" በዚህ ላይ ምን ልበል? የልጅ ልጆች አሉኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ በዚህ ደብዳቤ ስኳር አልጠይቅህም፣ የትምህርት ቤት ክፍያም አልጠይቅህም። አንተን ነው የምጠይቅህ። መጥተህ ከበሩ በስተግራ ባለችው ጎጆህ አንድ ሌሊት ተኛ፣ ጠዋት አምፖልህን አብራ፣ ተመለስ። ሠራተኞቹ ትልቁ ዝናብ መንገዱን ሳያጨቀየው ይሄዳሉ። ከእናትህ ቀብር ወዲህ አላየንህም።

ታናሽ እናትህ ሲፕሮዛ አዎር


ናይሮቢ፣ ማርች 21

ለማከብርዎት ታናሽ እናቴ ለወይዘሮ ሲፕሮዛ አዎር፤

የአባቴ ግቢ ሰዎች በሙሉ፣ ከሽማግሌው እስከ አራስ ዶሮዋ፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደብዳቤዎና ኦሜናው ደርሰውኛል። ቢሮው ሁሉ በዓሣ ሸተተ፤ አለቃዬ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ግማሹን እሱ በላው።

በመዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አገሩ እያደገ ነው፣ ይሄም መልካም ነው። ትናንት በኩራዝ ያመሽ የነበረ ሰፈር ዛሬ ማቀዝቀዣ ገዝቷል፤ ትናንት ከብት ይግጥበት የነበረ ሜዳ ዛሬ የብረት ፋብሪካ ሆኗል። መስመር ያስገባንለት ሰፈር ሁሉ በዓመቱ ከገመትነው እጥፍ ይጠይቀናል። ከመሬት ሥር እንፋሎት እያወጣን ነው፤ ሰሜን በረሃ ላይ ነፋስ እየለቀምን ነው። ግድቦቹ ግን ዝናብ ይጠብቃሉ፣ ነፋሱም ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚነፍሰው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አገሩ በሙሉ እኩል ወደ ቤቱ ይገባና እኩል ያበራል። ለአምሳ ሰው በተሠራ ወጥ መቶ እንግዳ እንደ ማስተናገድ ነው።

በዚህ ምክንያት የክፍላችን ሰው ሁሉ ዕረፍቱ ታግዷል። የእኔ ሥራ ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር፣ ባለፈው ዓመት። መመልከት ነው። ሰሌዳ ፊት ቁጭ ብዬ እመለከታለሁ።

ስለ አጎቴ ስለ ራፖንዲ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህን ይንገሩልኝ። ቆጣሪ የሚገባው ለጠየቀ ሰው ነው። በማመልከቻው ላይ "የበኩር ልጅ ነህ ወይ" የሚል ጥያቄ የለም። ሠራተኞቹን ይጥሩና ያስገቡ። በዚህ ዘመን አንድ ግቢ ሙሉ በእኔ ምክንያት በጨለማ መቀመጡ ግራ ገብቶኛል።

ስኳርና ጥቂት ሽልንግ በኪሴሮ እጅ ልኬያለሁ።

የእናቴ ቤት ጣራ እንዴት ነው?

አክባሪ ልጅዎ ቶቢያስ ዋሶንጋ


ኮጎላ፣ ማርች 27

ይድረስ ለልጄ ለዋሶንጋ፤

እንደ ጠዋት ጀልባ ሰላም ግባ ሰላም ውጣ። ስኳሩ ደርሷል። እኔ ሰው ጠየቅሁ፣ አንተ ስኳር ላክህ። ራፖንዲ ሻዩን አጣፍጦ ጠጣና ሐሳቡን አልቀየረም።

ማመልከቻው ላይ በኩር የሚባል ጥያቄ የለም ያልከውን አነበብኩለት። ትንሽ አሰበና "የጻፈው ታናሽ ልጅ መሆን አለበት" አለኝ።

አንድ የማይገባኝን ነገር ልጠይቅህ። ካሌብ መብራት አስገባ። ሚስቱ አሁን ማታ ማታ በራቸውን ከፍታ ነው የምትቀመጠው፣ እንድናይላት። ግን የኡጋሊ ገንፎው ውሃ ገና ሊፈላ ሲል፣ ልክ አንድ ሰዓት ላይ፣ ድርግም ይላል። ዛሬ ካልጠፋ ነገ ይጠፋል። ሠራተኛውን ብንጠይቀው "ናይሮቢ አንድ ሰው አለ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማንን እንደሚያጠፋ የሚመርጠው እሱ ነው" አለን። ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው? እናት የለችውም? ካሌብ ገበያ መሐል ቆሞ እጁ ይድረቅ ብሎ ረገመው። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ እጁን አልረገምኩም፣ ጣቱን ብቻ ነው። እዚያው ስለምትሠራ ታውቀው ይሆናል። ካወቅኸው፣ ኮጎላ ላይ ያሉ ሴቶች ራታቸውን በዳበሳ ነው የሚያማስሉት በልልኝ።

አሁን ስማኝ። ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ማሰር ጀምረዋል። ራፖንዲን እየነዘነዝኩ በመጨረሻ አንድ ነገር አስፈቀድሁት። መምጣት ካልቻልክ ኮትህን ላክ። ጎጆህ ውስጥ ይሰቀልና አንድ ሌሊት ያድራል፤ ጠዋት በአንተ ስም አምፖል ይበራል፤ ከዚያ ወደ እኔ ቤት ይገባል። ጎጆህን በጭቃ መርጌ አሳምሬአታለሁ። ኮቱ ያልታጠበ ይሁን፣ ላብህ ያለበት። ይሄን ራፖንዲ ደጋግሞ ነው ያለው።

ታናሽ እናትህ


ናይሮቢ፣ ኤፕሪል 16

ለማከብርዎት ታናሽ እናቴ፤

ዝናቡ እርሻውን አጥግቦ መንገዱን ይማርላችሁ። ፋሲካ እንዴት ነበር? እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ኮቱን ልኬአለሁ። ግራጫው ነው፣ በእናቴ ቀብር ላይ የለበስኩት። ያልታጠበ ብለው ነበር፤ ግን በአውቶቡስ ሙሉ ሰው መካከል ቆሻሻ ኮት ወደ አባቴ ግቢ መላክ አሳፈረኝ። ላውንደሪ ሰጥቼ አስተኩሼዋለሁ። አጎቴ አያውቁም፣ እርስዎም አይንገሯቸው። እንዳይጨማደድ በላስቲክ ስለተጠቀለለ፣ ኪሴሮ ሳያጥፍ በጥንቃቄ እንዲይዘው አደራ ብዬዋለሁ።

ስለዚያ ሰው ጠይቀውኝ ነበር። ጠየቅሁልዎ። ክፉ ሰው አይደለም ይላሉ። ሥራው ነው ይላሉ። ጣቱን ቢምሩለት ጥሩ ነው፣ ይፈልገዋል።

የእናቴን ቤት ጣራ ጠይቄዎት ነበር፤ ረሱት መሰለኝ።

ልጅዎ ዋሶንጋ


ኮጎላ፣ ኤፕሪል 23

ዋሶንጋ፣ አለህ?

ሰላምታ የለኝም። ካለህ ቶሎ መልስ። ከሌለህ... ኧረ እኔስ ምን እያልኩ ነው።

ኪሴሮ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኮቱ እንዳይጨማደድ ብሎ፣ በሁለት ክንዱ ላይ አጋድሞ፣ አንገቱን ደፍቶ እያየው ከአውቶቡስ ወረደ። ማንጎ ሻጯ አጉቱ መገንጠያው ላይ ተቀምጣ ነበር። የአንተን ኮት አወቀችው፤ ቀብሩ ላይ ከአጠገብህ ቆማ ነበር። ባለቤቱ የሌለበት ኮት፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ! እዚህ አገር እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ልብስ ከየት እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። የሟች ልብስ ነው፣ ሆስፒታል የሚመልሰው። ማንጎዋን በትና ጮኸች። ያልታጠበ ብዬህ ነበር፣ ዋሶንጋ!

እኔ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስቀድ ነበር። ጩኸቱ ኮረብታውን ወርዶ ሲመጣ "ማነው?" አልኩ። "የእናንተው ዋሶንጋ" አሉኝ። እንግዲህ ኮቱን ያስላክሁት እኔ ነኝ። እኔው ነኝ! ግን የሰው ለቅሶ ሲከብህ የምታውቀው ነገር ሁሉ ከራስህ ይወጣል። ቢላዬን ጥዬ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ደረቴን እየመታሁ ዳገቱን ወጣሁ። ግቢ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። "አልሞተም! እኔ ነኝ ያስመጣሁት!" ብዬ ጮህኩ። "ሐዘን አእምሮዋን ነሳት" ብለው ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዙኝ። ስልክህ ላይ አስደወልኩ፣ ዝግ ነው። እንደገና አስደወልኩ፣ ዝግ ነው። ሦስተኛው ላይ እኔም ተመልሼ አለቀስኩ። ምናልባት ኮቱን ከላክህ በኋላ ሞተህ ቢሆንስ?

ራፖንዲ ላም አሳረደ፤ ያቺን ጥቁሯን። ከገበያ ድምፅ ማጉያ መጣ፣ እንደ በር የሚያክሉ ሳጥኖች። አምፖሎቹ በገመድ ተሰቀሉ። ሁሉም የተሰካው ካሌብ ቤት ነው። የሦስት መንደር ሰው መጥቶ ስልኩን ሁሉ እዚያው ሰካ።

ከዚያ ያ የመብራት ሠራተኛ ሊያጽናናን ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀና በድምፅ ማጉያው "ትልቅ ሰው ነው ያጣነው" አለ። "የዚህን አገር መብራት የሚያጠፋውና የሚያበራው እሱ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ማን እንደሚጠፋ የሚወስነው እሱ ነበር።"

ካሌብ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። በኋላ ከሁሉም በላይ ያለቀሰው እሱ ነው፤ እርግማኔ ነው የገደለው ብሎ ነው መሰለኝ። እኔም ጣትህን አሰብሁ።

አንድ ሰዓት ሲሆን ትራንስፎርመሩ እንደ ነጎድጓድ ጮኸና እሳት ተፋ። መንደሩ በሙሉ ጨለመ፤ የስልክ ማማውም አብሮ ሞተ። ሰዉ "የሟቹ እጅ ነው" አለ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አለህ? ያ ሰው አንተ ነህ?

ሲፕሮዛ


ናይሮቢ፣ ኤፕሪል 26

ለማከብርዎት ታናሽ እናቴ፤

አለሁ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ መስታወት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ እኔ ነኝ።

ስልኬ ያልተነሣው ሥራ ስንገባ ስልካችንን በር ላይ ስለምናስቀምጥ ነው። ስወጣ ያመለጡኝን ጥሪዎች አይቼ መልሼ ደወልኩ፤ ማማችሁ ስለሞተ የእናንተም ስልክ ዝግ ነበር። ለካ እኔ በሕይወት መኖራችሁን ስጠይቅ እናንተ ለእኔ ላም እየበላችሁ ነበር።

ሁለተኛውን ጥያቄም ልመልስ። አዎ፣ እኔ ነኝ። በየምሽቱ የሚፈለገውና ያለው አይገናኝም። ልዩነቱን አንድ ሰው በጨለማ መክፈል አለበት፤ ካልከፈለ አገሩ በሙሉ ይጠፋል፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሎቹም ጭምር። በፈረቃ እናደርሰዋለን። እያንዳንዳችን የራሳችንን መንደር ብንዘል ጨለማው የሚደርሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ዘመድ ለሌለው ብቻ ይሆናል። ይሄ አልዋጥ አለኝ። ስለዚህ የኮጎላ ተራ ሲደርስ እንደ ማንኛዋም መንደር አጠፋታለሁ። ማጥፋቱን እፈልጋለሁም፣ አልፈልግምም። ይሄ አረፍተ ነገር ግራ የተጋባ መሆኑን አውቃለሁ፤ የአንድ ሰዓቱም ልቤ እንደዚሁ ነው።

ያን ቀን የእናንተ ተራ አልነበረም። አልነካኋችሁም። ኮጎላ በድንገት ከሰሌዳው ላይ ብን ብላ ስትጠፋ "ማነው የነካት?" ብዬ ክፍሉን በጩኸት አናጋሁት። የሥራ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

እባክዎን ለሰዉ ሁሉ አለመሞቴን ይንገሩ። ለካሌብ አስቀድመው ይንገሩት።

ስለ ጣራው አሁንም አልነገሩኝም።

በሕይወት ያለው ልጅዎ ዋሶንጋ


ኮጎላ፣ ጁን 9

ይድረስ ለልጄ ለቶቢያስ ዋሶንጋ፤

በምን ሰላም ልበልህ? ለሙት የሚባለው ሌላ፣ ለሕያው የሚባለው ሌላ። ሁለቱንም ተቀበል።

የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጠፍቶኝ ነው። አለመሞትህን ለሁሉም ተናግሬአለሁ። ካሌብ በደስታ ዶሮ አረደ። ራፖንዲ ግን ደብዳቤህን አንብቤለት ከጨረስኩ በኋላ "ጥሩ ጽፏል" አለና ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ። "ግን ተለቅሶለታል። ላሟ ታርዳለች። ለኮቱም የመጨረሻው ስንብት ተደርጎለታል። የተበላች ላም እንደገና ጥጃዋን ታጠባለች?"

"ልጁ እኮ ይተነፍሳል፣ ጃዱኦንግ!" አልኩት።

"ናይሮቢ ይተንፍስ። እዚህ ሞቷል።"

ልቃወመው አፌን ስከፍት ቀጠለ። በኩሩ ከሞተ የመጀመሪያው ቤት ተዘጋ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቤት ከተዘጋ ተራው የሁለተኛው ነው፣ የእኔ። ሙት ወረፋ አያስጠብቅም። "መብራትሽን አስገቢ" አለኝ።

ሠራተኞቹ የተቃጠለውን ትራንስፎርመር በትልቅ ለመቀየር ተመልሰው መጥተው ነበር። ቆጣሪዬን በዚያው ሳምንት ሰቀሉ።

ልጄ፣ ፍሪዘሩ ሠራ። በረዶ ሠራ! የመጀመሪያውን ቁራጭ ሰባት ሴቶች እየተቀባበልን ላስነው፣ እንደ ሕፃን። ማታ ነጋዴው መጣ፣ የተለመደችውን ዋጋውን ጠራ። ወገቤን ይዤ "ነገ ና" አልኩት። ሳቀ። እኔም ክዳኑን ዘጋሁና ገባሁ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። እንዴት እንደ ጣፈጠኝ ልነግርህ አልችልም።

ከሞትክ ወዲህ ሁሉ ነገር ቀንቶናል። ይሄን ስጽፍ እጄ አፈረ፤ ግን ውሸት አይደለም።

አሁን የከበደኝን ልጻፍ። ራፖንዲ፣ አንተ በእግርህ ይሄን በር ከገባህ ሙቱ ተነሣ ማለት ነው ይላል። በኩሩ ከተነሣ እኔ ቀድሜው እሳት አነደድሁ ማለት ነው። ያኔ ሽቦው ከቤቴ ተነቅሎ ይወጣል። ሠራተኞቹ ደግሞ ሄደዋል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ማኅበሩ በሙሉ ዓሣውን እኔ ቤት ያስቀምጣል። እንዳትመጣ አልልህም። ና ለማለትም አፌ እምቢ አለኝ።

ለአንተ ብዬ ያቀዘቀዝሁትን ዓሣ በኪሴሮ ልኬልሃለሁ።

ሲፕሮዛ አዎር


ናይሮቢ፣ ጁላይ 30

ለማከብርዎት እናቴ ለሲፕሮዛ አዎር፤

ሰላም ለቤትዎ። ዓሣው ደርሶኛል። በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦ የኪሴሮን ሱሪ አበሰበሰው፤ ከአውቶቡሱ ሲወርድ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር መስሎት ነበር። ዓሣው ግን ትኩስ ነበር። ከኮጎላ ናይሮቢ ትኩስ ዓሣ ሲደርስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እንኳን ደስ አለዎት። ከልቤ ነው።

በዚህ ወር አዲስ የእንፋሎት ማመንጫ ሥራ ጀምሯል። የአንድ ሰዓቱ ጭንቀት ትንሽ ቀለል አለ፤ ኮጎላም በፈረቃ ብዙ አልጠፋችም። ሰሌዳዬ ላይ የእርስዎ ፍሪዘር ሊታይ አይችልም፣ እዚያ ላይ የሚታየው የመንደር ሙሉ መብራት ነው። እኔ ግን ማታ ማታ የኮጎላ መስመር ትንሽ ከፍ ስትል "ይቺ የእናቴ ናት" እላለሁ። ጓደኞቼ አሁን እነሱም "እናትህ አበራች" ይሉኛል።

ዕረፍት ተፈቅዶልኝ ነበር። አልወስድም አልኩ። አለቃዬ ለምን ሲለኝ እንዴት ላስረዳው? በአገሬ ሞተሃል ተብዬአለሁ፣ ከገባሁ የእናቴ በረዶ ይቀልጣል ልበለው? መብራት በማጥፋት ያተረፍኩት ስም ይበቃኛል፤ የእርስዎን ደግሞ አልጨምርበትም። ስለዚህ አልመጣም። አይጨነቁ። አልተቀየምኩም ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ተቀይሜአለሁ፣ ግን በማን እንደሆነ አላውቅም።

ናይሮቢ በዚህ ወር ብርድ ነው። ኮቴ እዚያ ነው። ሌላ መግዛት እችል ነበር፣ አልገዛሁም።

የእናቴ ቤት ጣራ እንዴት ነው?

ዋሶንጋ


ኮጎላ፣ ኦገስት 4

ይድረስ ለልጄ ለቶቢያስ ዋሶንጋ፣ ለሚበርደው፤

ጣራው ወድቋል። አምና በዝናቡ ነው የወደቀው። ሚስት የሞተችበትን ቤት አያድሱትም፣ አንተም ታውቃለህ፤ ግን ስትጠይቀኝ ጣራ የለም ካልኩህ ጨርሰህ የምትቀር መሰለኝ፣ ዝም አልኩ። ግድግዳው ወደ አፈርነቱ ተመልሷል። ዱባ በቅሎበታል፣ ትልልቅ። ዶምቲላ ዱባ ትወድ ነበር።

ደብዳቤህን ሳነብ ፍሪዘሩ አጠገቤ ያጉረመርማል። "ኮቴ እዚያ ነው" ያልክበት ላይ ስደርስ ተነሣሁና ጎጆህ ገባሁ። ኮቱ እንደተሰቀለ ነው። የፍሪዘሬን ክዳን ስከፍት የሚወጣው ብርድ ትዝ አለኝ። ሌላ የሚታሰብ ነገር አልቀረልኝም።

በማግስቱ ሴቶቹን ሰብስቤ ዓሣውን በሙሉ ሸጥን። ነጋዴው ደስ አለው፣ "ነገ ና" አላልኩትማ። ከዚያ ራፖንዲ ዘንድ ሄድኩ።

"ጃዱኦንግ፣ እሳት ሲጠፋ ምድጃው ይፈርሳል?" አልኩት።

"አይፈርስም።"

"ጉልቻውስ ይነቀላል?"

"ምን ፈልገሽ ነው አንቺ ሴትዮ?"

"ሽቦው ምድጃ ነው። እሳቱ ግን በእኔ እጅ ይጠፋል። ልጁ ገብቶ መጀመሪያ የእሱን ያበራል፣ ከዚያ እኔ የእኔን መልሼ አነዳለሁ። ቀደምኩት የሚለኝ ማነው?"

ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ዋለ። እኔም በሩ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ "ለተለቀሰለት ሰው በሩ አይሆንም" አለ። "ከእናቱ ቤት በስተጀርባ አጥሩ ይከፈትለት፣ እንደ አዲስ የተወለደ ይግባ። እስኪመጣ ግን አንዲት አምፖል እንኳ እንዳትበራ። አንድ ወርም ይሁን አንድ ዓመት።" ከዚያ አንገቱን አዙሮ "የላሟ ዕዳ ግን አለበት በዪው" አለኝ። ሲስቅ ያየሁት መሰለኝ።

ካሌብ ከእኔ ቆጣሪ እስከ ጎጆህ ሽቦ ስቦልሃል፤ አምፖልህ ተንጠልጥሎ ይጠብቅሃል። አጥሩን ራሴ ከፍቼዋለሁ፣ በዱባው መካከል ነው የምትገባው፣ እንዳትረግጥብኝ። ሴቶቹ "ካልመጣስ?" ይሉኛል። ዓሣቸውን ከእንግዲህ እንደ ድሮው በምሽት ዋጋ ነው የሚሸጡት፣ እኔም አብሬአቸው። ይመጣል እላቸዋለሁ። ኮቱን አልልክልህም፤ መጥተህ ልበሰው።

ማብሪያ ማጥፊያውን ዛሬ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ራፖንዲ እያየ፣ በራሴ ጣት አወረድኩት። ፍሪዘሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ዝም አለ። ሰሌዳህ ላይ ኮጎላ በጥቂቱ ዝቅ ብላ ካየሃት ማነው የነካት ብለህ እንዳትጮህ። እኔ ነኝ፣ እየጠበቅሁህ ነው።

እናትህ ሲፕሮዛ አዎር